ግጥም ተንትኑ ስትባሉ ከየት ትጀምራላችሁ?

«ግጥሙን አነበብኩት፣ ገባኝም። ግን ተንትን ስባል ምን ብዬ ልጀምር?» ይህ ጥያቄ ከ11ኛ ክፍል ተማሪም፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባም፣ ለራሱ ደስታ ከሚያነብም ሰው ይመጣብኛል። በቃል ስመልስ ሁሌ ግማሹን እረሳለሁ። ስለዚህ ሙሉውን አሠራር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚህ አስቀምጬላችኋለሁ።

የምንሠራበት ግጥም ይኸውላችሁ። ለመለማመጃ ብዬ ራሴ የጻፍኩት ነው፤ አራት ስንኝ ብቻ ነው።

ነጠላዬን አጥቤ፣ ደጃፌን ጠራርጌ፣
በጉን ከደጅ አስሬ፣ ቅቤዬን ሸሽጌ፣
መንደሩ ሲጠይቅ፣ መቼ ነው ሚመጣው፣
ገና ነው እያልኩኝ፣ ልቤን ናፍቆት ቀጣው።

አሁን አትተርጉሙት። ዝም ብላችሁ አንድ ጊዜ አንብቡትና ወደ ታች ውረዱ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ግጥሙ በእጅ የተገለበጠበት ወረቀት። በስንኞቹ መካከል ሁለት ሁለት መስመር ክፍት ይተው።
- እርሳስና ሁለት ቀለም እስክሪብቶ።
- ድምፅ የሚቀዳ ሞባይል።
- የአማርኛ መዝገበ ቃላት። የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» (1962 ዓ.ም.) ካገኛችሁ በጣም ጥሩ ነው። ፊደሉ የተደረደረው በአበገደ ተራ መሆኑን ግን አትርሱ፤ በሀለሐመ የፈለገ ሰው ቃሉን ያጣዋል።
- ቢቻል አንድ ትልቅ ሰው። የገጠር አማርኛ የሚያውቅ አያት ወይም ጎረቤት ብዙ ጊዜ ከመዝገበ ቃላት ይበልጣል።

አሠራሩ

1. ግጥሙን በእጃችሁ ገልብጡ

ፎቶ ማንሳት አይበቃም። እጅ ሲጽፍ ዓይን የዘለለውን ቃል ያገኛል። ለምሳሌ ሦስተኛው ስንኝ ላይ «ሚመጣው» እንጂ «የሚመጣው» አይልም። ስታነቡ የ«የ»ን መጉደል ሳታስተውሉ ታልፋላችሁ፤ ስትገለብጡ ግን ያስቆማችኋል፤ ለምን እንደጎደለ ትንሽ ቆይተን እናያለን።

ስትገለብጡ ምንም አታርሙ። ነጠላ ሰረዙም፣ የስንኙ መስበሪያ ቦታም እንዳለ ይሁን።

2. ድምፅ አውጥታችሁ ሦስት ጊዜ አንብቡ

አንደኛውን በዝግታ፣ ሁለተኛውን እንደ ወሬ፣ ሦስተኛውን ሞባይል ላይ እየቀዳችሁ። ከዚያ የቀዳችሁትን አዳምጡ። የተሰናከላችሁበትን ቦታ በእርሳስ ክበቡት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ሁሉንም ነገር አይነግረንም። የትኛው ፊደል እንደሚጠብቅና እንደሚላላ ወረቀቱ ላይ የለም፤ ያለው አፋችን ላይ ነው። አንድ ጊዜ ይህንኑ ግጥም ለሁለት ተማሪዎች ሰጥቼ ነበር። ልጁ «ገና»ን አላልቶ አነበበው። አጠገቡ የነበረችው ልጅ «አይደለም፣ በዓሉን ነው የሚለው» ብላ አጥብቃ አነበበችው። ተከራከሩ። ያ ክርክር የግጥሙ ልብ ነበር። ዝም ብለው በዓይናቸው ቢያነቡ ኖሮ ሁለቱም በየፊናቸው ገብቶናል ብለው ያልፉት ነበር።

ፈተና ላይ ድምፅ ማውጣት አይቻልም። ከንፈራችሁን ብቻ አንቀሳቅሱ፤ እሱም ይሠራል።

3. ቀለም ቁጠሩ

ብዙ ሰው የሚፈራው እዚህ ነው፤ መፍራት ግን አያስፈልግም። መጀመሪያ ስሞቹን እንያዝ። አንዱ መስመር ስንኝ ነው። ስንኙ መሐል ላይ ትንፋሽ የምንወስድበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ግማሽ ሐረግ ይባላል። ሐረጉ ውስጥ የምንቆጥረው ቀለም ነው።

ቀለም ማለት ፊደል ማለት አይደለም። ድምፁ አናባቢ ይዞ የሚሰማ ፊደል ብቻ አንድ ቀለም ተብሎ ይቆጠራል። ከግዕዝ እስከ ኃምስ ያሉትና ሳብዕ ሁልጊዜ ይቆጠራሉ። ችግሩ ሳድስ ላይ ነው፤ ማለትም እንደ ን፣ ጥ፣ ቅ ያለው ስድስተኛው የፊደል ቅርጽ ላይ። ሳድስ አንዳንዴ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ ቀድሞት ባለው ፊደል ላይ ተደግፎ ይዋጣል። የተዋጠው አይቆጠርም።

«ነጠላዬን አጥቤ» የሚለውን እንውሰድ። ፊደሎቹ ስምንት ናቸው፦ ነ፣ ጠ፣ ላ፣ ዬ፣ ን፣ አ፣ ጥ፣ ቤ። «ን» በ«ዬ» ላይ ተደግፏል። «ጥ»ም በ«አ» ላይ ተደግፏል። ሁለቱን ስንተው ስድስት ቀለም ይቀራል።

አሁን «ቅቤዬን ሸሽጌ»ን እንይ። ፊደሎቹ ሰባት ብቻ ናቸው። ሳድሶቹ ቅ፣ ን እና ሽ ናቸው። «ቅ» የቃሉ መነሻ ስለሆነ ድምፅ አለው፤ ይቆጠራል። «ን» ተውጧል። «ሽ» ደግሞ ይጠብቃል፤ የጠበቀ ሳድስ መሐል ላይ ሲመጣ ድምፁ ይሰማል፤ ስለዚህ ይቆጠራል። ሰባት ሲቀነስ አንድ፣ ስድስት።

የመጨረሻው ሐረግ ደግሞ «ልቤን ናፍቆት ቀጣው» ነው። ፊደሎቹ አሥር ናቸው። ን፣ ፍ፣ ት እና ው ተውጠዋል። አሁንም ስድስት። ሰባት ፊደል ያለውም አሥር ፊደል ያለውም ሐረግ እኩል ስድስት ቀለም ሆኖ መውጣቱን አያችሁ? በፊደል ብትቆጥሩ ግጥሙ የተዛባ ይመስላችሁ ነበር።

ለመቁጠር ጣት ተጠቀሙ። ቃሉን በዝግታ እያላችሁ አፋችሁ በተከፈተ ቁጥር አንድ ጣት እጠፉ። ጠረጴዛ መታ መታ ማድረግም ይሆናል።

ሁሉንም ሐረግ ስትቆጥሩ ይህ ግጥም ስድስት ስድስት ሆኖ ታገኙታላችሁ። አንዱ ስንኝ አሥራ ሁለት ቀለም ማለት ነው። ይህ ምጣኔ የወል ቤት ይባላል። በብዛት የምታገኟቸው ሌሎቹ እነዚህ ናቸው፤ ምሳሌዎቹን እኔ ነኝ የሠራኋቸው፦

- ቡሄ በሉ፣ አራት በአራት፦ «ናልኝ ቶሎ፣ ቀኑ መሸ»
- ሰንጎ መገን፣ አምስት በአምስት፦ «ቶሎ ናልኝማ፣ በሩ ተከፍቷል»
- የፀጋዬ ቤት፣ ስምንት በስምንት፦ «መንገድ መንገዱን ሳይ ዋልኩኝ፣ ጀንበሯ ሄደች ጠለቀች»። ስሙ የመጣው ከፀጋዬ ገብረ መድኅን ነው።

ሦስቱን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቧቸው። አራት በአራቱ ያስሮጣል፤ ልጆች ሲጨፍሩበት የሚመቸው ለዚህ ነው። ስምንት በስምንቱ ረጅም ትንፋሽ ይጠይቃል፤ ንግግር፣ ቁጭትና ትካዜ ይችላል። ትንታኔ ላይ መጻፍ ያለባችሁ ይህንን ነው። «ግጥሙ የወል ቤት ነው» ብሎ ማቆም ስም መጥራት ብቻ ነው። ምጣኔው ለጉዳዩ ምን አደረገለት? እዚህ ግጥም ውስጥ ስድስት በስድስቱ እኩል እኩል ይራመዳል፤ እንደ ዕለት ሥራ። አጠበች፣ ጠረገች፣ አሰረች፣ ሸሸገች። አንዱ ሐረግ ላይ አንድ ሥራ።

ቁጥሩ በአንድ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ገጣሚው ተሳስቷል አትበሉ። መጀመሪያ የራሳችሁን ቆጠራ ፈትሹ፤ አብዛኛውን ጊዜ የጠበቀ ሳድስ ነው የሚያስተን። ቀጥሎ የተቀነሰ ፊደል ካለ እዩ። «መቼ ነው የሚመጣው» ቢባል ሰባት ይሆን ነበር። «የ» የወደቀችው ለዚህ ነው፤ ከዚያም አልፎ ጎረቤት ደጅ ላይ ቆሞ እንደሚጠይቀው አደረገችው። እነዚህን ሁሉ ካያችሁ በኋላም ካልገጠመ፣ ያኔ «ምጣኔው እዚህ ይሰበራል» ብላችሁ ጻፉ፤ ለምን እዚያ ላይ እንደተሰበረም ጠይቁ።

4. ቤቱን ፈትሹ

ቤት መምታት ማለት የስንኞቹ መድረሻ በድምፅ መግጠሙ ነው። የመጨረሻውን ፊደል ብቻ አትዩ። መጨረሻው የተዋጠ ሳድስ ከሆነ ከእሱ በፊት ያለውም መግጠም አለበት።

ጠራርጌና ሸሽጌ፦ ጌ ከ ጌ። ያለቀ ነው። ሚመጣውና ቀጣው፦ «ው» ከ«ው» መግጠሙ አይበቃም፣ «ጣ»ም ከ«ጣ» ገጥሟል። «ሚሄደው» እና «ቀጣው» ቢሆኑ ኖሮ ዓይን ቤት መታ ይላል፤ ጆሮ ግን እሺ አይልም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ እርስ በርስ ቤት ይመታሉ።

ቤቱን ካገኛችሁ የገጠሙትን ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ጻፉና እዩአቸው። ገጣሚ በድምፅ ያጋባቸው ቃላት ብዙ ጊዜ በትርጉምም ይነጋገራሉ። እዚህ «ሚመጣው» ከ«ቀጣው» ጋር ተጋብቷል። የሚመጣው ሰው ስላልመጣ፣ የመጣው ቅጣት ነው።

5. ማን ነው የሚናገረው?

ሦስት መልስ ጻፉ፦ ማን፣ ለማን፣ መቼና የት። ከእያንዳንዱ አጠገብ ማስረጃ የሆነውን ቃል አስፍሩ።

እዚህ ላይ ከአሥር ሰው ዘጠኙ «እናት ልጇን እየጠበቀች ነው» ይለኛል። ግጥሙን መለስ ብላችሁ እዩ። እናት የሚል ቃል አለ? ልጅ የሚልስ? የለም። «ቅቤዬን» እና «ነጠላዬን» የሚሉት ተናጋሪዋ ሴት ናት ወደሚል ይገፉናል። «ሚመጣው» የሚጠበቀው ወንድ እንደሆነ ይነግረናል። ከዚያ በላይ አልተነገረንም። ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ባል ወይም እጮኛም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ጠባቂዋ» እና «የሚጠበቀው» ብላችሁ ጻፉ። ግጥሙ ክፍት የተወውን በር እናንተ አትዝጉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ተናጋሪውን ከገጣሚው ጋር አታምታቱ። ግጥም ውስጥ «እኔ» የሚል ሁሉ ገጣሚው አይደለም። ይህንን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በግ አስሬ ቅቤ ሸሽጌ ግን አላውቅም። «ገጣሚው በሕይወቱ ብዙ ስለናፈቀ» ብሎ መጀመር ከግጥሙ ያስወጣችኋል።

6. በዝርው ተናገሩት

ግጥሙን በሦስት ወይም በአራት ተራ ዓረፍተ ነገር አውሩት። ያለ ጌጥ፣ ያለ ትርጓሜ። «አንዲት ሴት ቤቷን ለበዓል አሰናድታ ሰው ትጠብቃለች። ጎረቤቶች መቼ ነው የሚመጣው ይሏታል። ገና ነው ትላለች። ናፍቆት ልቧን እየጎዳው ነው።»

ይህ ልጅ የሚሠራው ሥራ ይመስላል። አትናቁት። በዝርው መናገር ካልቻላችሁ ያልገባችሁ ቃል አለ ማለት ነው፤ ያኔ መዝገበ ቃላቱን አውጡ። በዝርው ከተናገራችሁት በኋላ ደግሞ ከግጥሙ ጋር አስተያዩት። ምን ጠፋ? የጠፋው ነገር ቀጥላችሁ የምትተነትኑት ነው።

እዚህ ግጥም ላይ ከጠፋው ዋናው የግሦቹ አሰላለፍ ነው። አጥቤ፣ ጠራርጌ፣ አስሬ፣ ሸሽጌ፦ አራቱም ቦዝ አንቀጽ ናቸው። ቦዝ ብቻውን አይቆምም፤ ማሰሪያ ይጠብቃል። እኛ አንባቢዎቹም እንጠብቃለን፤ አራት ሥራ ተሠራ፣ ከዚያስ? ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው የግጥሙ መጨረሻ ቃል ላይ ነው፦ «ቀጣው»። የዚህ ግሥ ባለቤት ደግሞ እሷ አይደለችም፣ ናፍቆት ነው። አራት ሥራ ሠርታ፣ ነገሩን የሚያስረው ናፍቆት ሆነ። ግጥሙ መጠበቅን አወራ ብቻ አይደለም፤ እኛንም አስጠበቀን። ሰዋስው ትምህርት ቤት የደከማችሁበት ነገር እዚህ ጋ ይከፍላችኋል።

7. ኅብረ ቃሉን ፈልጉ

ወርቅ ሠሪ በሰም ቅርጽ ያወጣል፤ በላዩ ጭቃ ይለብጣል፤ ሰሙን አቅልጦ ያፈስስና ወርቁን በቦታው ያፈስሳል። የግጥሙም እንዲሁ ነው። ሰም ፊት ለፊት የሚታየው ፍቺ ነው፣ ወርቅ የተሸፈነው። ሁለቱን ፍቺ አንድ ላይ የተሸከመው ቃል ኅብረ ቃል ይባላል። ሁሉም ግጥም ይህ የለውም። ካለው ግን ሳታገኙት ብታልፉ ግማሹን አላነበባችሁም።

የተጠራጠራችሁትን ቃል በእነዚህ ጥያቄዎች ፈትኑት፦

- ሲጠብቅና ሲላላ ፍቺው ይለያያል? «ሰፊ» ላልቶ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፣ ጠብቆ የጠባብ ተቃራኒ። «ዋና» ላልቶ ውኃ ውስጥ ነው፣ ጠብቆ ቁም ነገሩ።
- ድምፁ ሳይለወጥ ሁለት ፍቺ አለው? «በቅሎ» የምትጋለብም ናት፣ ከመሬት መውጣትም ነው።
- ለሁለት ቢሰነጠቅ ወይም ከሚቀጥለው ቃል ጋር ቢገጠም ሌላ ነገር ይሆናል?

ወደ ግጥማችን እንመለስ። «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። ላልቶ ሲነበብ «ጊዜው አልደረሰም» ማለት ነው። ጥያቄው «መቼ ነው ሚመጣው» ነው። «ገና ነው» የሚለው መልስ ሁለት ሆነ። ሰሙ፦ ለገና ይመጣል። ወርቁ፦ ገና ነው፣ አልመጣም፣ መቼ እንደሚመጣም አላውቅም።

አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ስላለው ብቻ ኅብረ ቃል ነው ማለት ግን አይቻልም። ሁለት ነገር መሟላት አለበት። አንደኛ፣ ሁለቱም ፍቺ ስንኙ ውስጥ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መስጠት አለበት። ሁለተኛ፣ ሌላ ስንኝ ወይም ሌላ ሐረግ እያንዳንዱን ፍቺ መደገፍ አለበት። ፈትኑት። በዓሉን የሚደግፍ አለ? አለ። የታጠበው ነጠላ፣ የታሰረው በግ። ቅቤውም። የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ለበዓሉ ይፈታል፤ በጾሙ ወራት ቅቤ አይበላም፣ ይጠራቀማል። አለመምጣቱን የሚደግፍስ? «ልቤን ናፍቆት ቀጣው»። ነገ የሚመጣን ሰው የምትጠብቅ ሴት እንዲህ አትልም።

ከዚህም በላይ አንድ ነገር አለ። በጉ የታሰረው «ከደጅ» ነው፤ መንደሩ ሁሉ ያየዋል። ቅቤው ግን ተሸሽጓል፤ ጓዳ ነው። በዓሉ የሚለው ፍቺ እንደ በጉ ደጅ ላይ ነው፣ ለጎረቤት የሚነገር። «አልመጣም» የሚለው እንደ ቅቤው ጓዳ ውስጥ ነው። ተናጋሪዋ አልዋሸችም፤ የሚታየውን ሰጥታ የሚያመውን ሸሸገች። «አስቀምጬ» ሳይል «ሸሽጌ» ያለው ለምን እንደሆነ አሁን ይታያችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ወርቅ ፍለጋው ሱስ ይሆናል። አንድ ተማሪ «ናፍቆት» ውስጥ «ና» የሚል ጥሪ አገኘሁ አለኝ። ፈተንነው። «ና» ሲወጣ የሚቀረው «ፍቆት» ነው፤ «ልቤን ና ፍቆት ቀጣው» ምንም ዓረፍተ ነገር አይወጣውም። ስለዚህ ወርቅ አይደለም። ፈልጎ ማግኘቱን ግን ወድጄለታለሁ፤ እንደዚያ እየቆፈሩ እየፈተኑ ነው ጆሮ የሚሠራው።

8. ዘይቤዎቹን ምልክት አድርጉ

እዚህ ላይ አጭር ልሁን፤ ዝርዝሩን ሁሉም መማሪያ መጽሐፍ ይዞታል። አነጻጻሪ «እንደ»፣ «ያህል»፣ «ይመስል» ይላል። ተለዋጭ ያለ «እንደ» አንዱን ሌላው ያደርገዋል። ሰውኛ ሰው ላልሆነ ነገር የሰው ባሕርይ ይሰጣል። ግነት ያጋንናል። ምጸት የሚለውና የሚያስበው ይለያያል። እንቶኔ የማይሰማን ወይም የሌለን ያናግራል። አያዎ ስሙ እንደሚለው «አይ»ንም «አዎ»ንም አንድ ላይ ይይዛል።

በእኛ ግጥም «ናፍቆት ቀጣው» ሰውኛ ነው። «መንደሩ ሲጠይቅ» የሚለው ደግሞ ሰዎቹን በመኖሪያቸው ስም ይጠራል። እንግዲህ ጥያቄው፦ ይህ ምን ሠራ? «ጎረቤቴ ሲጠይቅ» ቢል አንድ ሰው ነው፤ ማምለጥ ይቻላል። «መንደሩ» ሲሆን መሸሻ የለም። «ቀጣው» ደግሞ ጥፋተኛ ላይ የሚሠራ ሥራ ነው። ልቧ ምን አጠፋ? መጠበቁ ነው ጥፋቱ።

አንድ ጊዜ አሥራ አራት የዘይቤ ስም የተደረደረበት ደብተር መጥቶልኝ ነበር። አንዱም አጠገብ «ለምን» የሚል ማብራሪያ አልነበረም። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ደክሟል፤ ያሳዝናል። ሁለት ዘይቤ ብቻ ወስዶ እያንዳንዱን በሦስት ዓረፍተ ነገር ቢያብራራ ድካሙ ፍሬ ያገኝ ነበር።

9. ጭብጡን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስሩ

ርዕሰ ጉዳይና ጭብጥ ይለያያሉ። ርዕሰ ጉዳዩ «መጠበቅ» ነው፤ በአንድ ቃል ይነገራል። ጭብጥ ግን ግጥሙ ስለዚያ ጉዳይ የሚለው ነው፤ ስለዚህ ግሥ ያስፈልገዋል። «መጠበቅ ለሰው የሚታይ ዝግጅትና ለራስ ብቻ የሚቀር ሕመም ሆኖ ለሁለት ይከፈላል።» ከእያንዳንዱ ስንኝ አንድ ማስረጃ ማምጣት ከቻላችሁ ጭብጡ ቆሟል። አንድ ስንኝ ከቀረና አልገባ ካለ ዓረፍተ ነገሩን ቀይሩት፤ ስንኙን ለማስገባት አትጠምዝዙት።

ይህን እርምጃ ከሁሉ ኋላ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። «ገጣሚው ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» ብለው የሚጀምሩ መጀመሪያ የመጣላቸውን ሐሳብ ይዘው ግጥሙን በግድ ያስማሙታል።

10. ጻፉት

አንቀጹ ሦስት ነገር ይኑረው፦ የምትሉት፣ ከግጥሙ የተጠቀሰ ቃል፣ እና ቃሉ የምትሉትን እንዴት እንደሚያሳይ። ብዙ ሰው ሦስተኛውን ይረሳል። እንዲህ ማለት ነው፦

«ተናጋሪዋ ሕመሟን ከመንደሩ ትደብቃለች። ‹መቼ ነው ሚመጣው› ተብላ ስትጠየቅ ‹ገና ነው› ትላለች። ቃሉ ጠብቆ የበዓሉ ስም ነው፣ ላልቶ ደግሞ ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል። ጎረቤት የመጀመሪያውን ይዞ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ለእሷ ይቀራል። ‹ከደጅ› የታሰረው በግና የተሸሸገው ቅቤ ይህንኑ ክፍፍል ቀድመው ያሳያሉ።»

አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። «ግጥሙ እጅግ ውብ ነው» የሚል የለበትም። ውበቱን አንባቢው ራሱ ያየዋል።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

- ግጥሙን በዝርው ደግሞ መጻፍና ትንታኔ ነው ማለት። እርምጃ 6 መሣሪያ ነው፤ ትንታኔ ተብሎ የሚሰጥ አይደለም።
- የሌላ ሰው ትንታኔ አንብቦ መጀመር። ከዚያ በኋላ በራስ ጆሮ መስማት ይከብዳል። የራሳችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ አንብቡ፣ ተከራከሩትም።
- ቤት የማይመታን ግጥም «ግጥም አይደለም» ማለት። ሁሉም ግጥም ምጣኔና ቤት አይጠብቅም። እንዲህ ያለ ሲገጥማችሁ ስንኙ የት እንደተሰበረና ምን ቃል እንደሚደጋገም እዩ።
- ከ«ምናልባት» መሸሽ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ይህ እንዲህም ሊነበብ ይችላል» በሉና ሁለቱንም በማስረጃ አሳዩ።

ተውኔት ተሰጥቷችሁ ከሆነስ? እርምጃ 2፣ 5 እና 7 እንዳሉ ይሠራሉ። የምትጨምሩት ገጸ ባሕርያቱ በቃለ ተውኔቱ የሚሉትና በመድረክ መግለጫው የሚያደርጉት ይስማማ እንደሆነ ማየት ነው። «ደህና ነኝ» እያለ ወንበር የሚጨብጥ ሰው ደህና አይደለም።

ፈተና ላይ ጊዜ ሲያጥር እርምጃ 2፣ 5፣ 7 እና 10ን ያዙ። ቀለም ቆጠራውን ለሁለት ስንኝ ብቻ አድርጉት፤ ምጣኔውን ለማወቅ ይበቃል።

ለብቻችሁ የምትሠሩት አንድ ጥንድ ስንኝ ልተውላችሁ። ይህም የእኔ ነው።

ሠዓሊው ወዳጄ፣ እንቅልፍ እየነሳኝ፣
ሌሊት ሲስል አድሮ፣ በጠዋት አስነሳኝ።

ቀለሙን ቁጠሩ። ቤቱ ላይ ያሉት ሁለቱ ቃላት ድምፃቸው ቢቀራረብም ሥራቸው ይለያያል፤ እንዴት? ኅብረ ቃሉ እዚህ በመጥበቅና በመላላት አይገኝም፤ አንዱ ፍቺ በ«ሠ»፣ ሌላው በ«ሰ» ይጻፍ የነበረ ቃል ነው። ሁለቱን ዓረፍተ ነገር በሙሉ ጻፉና እያንዳንዱን የሚደግፈውን ሐረግ አስምሩበት።